ልጄ «አመሰግናለሁ» ብትላት እናቴን ለምን ከፋት?

ሰላም ለዚህ ቤት። እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ።

የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ትልቋ 8 ዓመቷ ነው፤ ትንሹ 5 ሊሞላው ነው። ከገና ጀምሮ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቷልና እናንተን ልጠይቅ።

እናቴ ለበዓሉ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አካባቢ መጥታ እኛ ጋ ናት። እስከ ጥምቀት እንድትቆይ ለምነናት እሺ ብላለች። ስትመጣ እንደ ልማዷ እጇ ባዶ አልነበረም። የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ለልጆቹ ደግሞ በቅቤ የታሸ ጭኮ ይዛ ነበር። ጭኮውን ጾሙ እስኪፈታ ማንም እንዳይነካው ብላ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠችው። ልጆቹ በየቀኑ ቀና እያሉ ሲያዩት ከረሙ።

የገና ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሊነጋጋ ሲል ማዕድ ቀረበ። ውጭ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ዶሮ ወጡ ወጣ። እናቴ እንቁላሏን ለሁለት ከፈለችና ግማሹን ከወጡ ጋር ጠቅልላ ልጄን አጎረሰቻት። ልጄ አፏን ጠረገች፤ ቀና ብላ «አመሰግናለሁ እማማ» አለች። ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት መምህሯ የሚያመሰግኗቸውን አምስት ሰዎች እንዲጽፉ አዝዛቸው ነበር። ልጄ አያቷን አንደኛ አድርጋ ጽፋለች። እኔ ደስ አለኝ። እናቴ ግን እጇን ሰበሰበች። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና እሷ እንግዳ እንደሆነች ጠየቀችኝ። ከዚያ በላች፣ ተጫወተች። ግን ሁለተኛ አላጎረሰቻትም። ልጄ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ቀኑን ሙሉ ዐይን ዐይኗን ስታያት ዋለች።

ቃሉ የፈረንጅ ልማድ ስለሆነ ይመስለኛል የከፋት። እንዲህ ከሆነ ልጆቻችንን ቤት ውስጥ «አመሰግናለሁ» እንዲሉ ማስተማር አለብን? ወይስ ይህ ለውጭ ሰው ብቻ የሚባል ነው? የእናንተ ቤት እንዴት ነው?

እስከዚህ ያለው ታኅሣሥ 30 ማታ የጻፍኩት ነው። እስከ ጥር 12 ድረስ 31 መልስ መጣ። ዘግይተው የሚገቡ ሰዎች ከየት ልጀምር እያሉ ስለጠየቁኝ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። ሁሉንም እኩል አልዘረዝርም። አንዳንዱ አንድ መስመር ነው። አንዳንዱ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

1ኛውን የጻፉት የእነዋሪ እናት ናቸው። በትሕትና እንኳን አብሮ አደረሰን ብለው ጀመሩ። እናቴ በሕይወት ኖራ ልጄን ማጉረሷ ራሱ ትልቅ ጸጋ መሆኑን አስታወሱኝ። አዲስ አበባ ያሉ ልጆቻቸው ስልክ ሲዘጉ ሁልጊዜ ያመሰግኗቸዋል። መጀመሪያ አካባቢ ያሳፍራቸው ነበር። አሁን ግን ያቺን ቃል ሳይሰሙ ስልኩ ከተዘጋ አንድ ነገር የጎደለ ይመስላቸዋል። ልጅቷን እንዳልከለክላት መከሩኝ።

2ኛው የደብረ ሲና ልጅ ነው። በጨዋ አነጋገር የተቃራኒውን ጻፈ። ሱቅ ገብተህ ዕቃ ትገዛለህ፣ አመስግነህ ትወጣለህ፤ በቃ፣ ሒሳቡ ተዘጋ ማለት ነው። እናት ግን ሒሳቧ አይዘጋም ባይ ነው። አያትየዋም ባለሱቅ የተደረገች መስሏት ይሆናል አለ። ይህ ነገር ደጋግሞ ይመጣብኛል፤ ወደ በኋላም እመለስበታለሁ።

3ኛው ዲያቆን ነው። አረመኝ። ምስጋና የፈረንጅ ልማድ አይደለም። በቅዳሴ ጸሎተ አኰቴት አለ፤ አኰቴት ማለት ምስጋና ነው። ከማዕድ በኋላም ስብሐት እናደርሳለን። ታላላቆቻችን ምስጋና የሚለውን ቃል ለፈጣሪ አስቀምጠው ለሰው ግን እግዜር ይስጥልኝ ይላሉ። የዋልክልኝን ውለታ እኔ ከፍዬ አልጨርሰውም፣ መክፈል የሚችለው እርሱ ስለ እኔ ይስጥህ ማለት ነው። ስለዚህ ጽሑፌን እንዳስተካክል በአክብሮት ጠየቀኝ። ልክ ነው፣ ተሳስቻለሁ። ተከታዮቹ መልሶች ግራ እንዳያጋቡ ብዬ ነው ከላይ ያለውን እንዳለ የተውኩት።

ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወደ ጾሙ ሄዱ። 4ኛዋ የልጆቹን ጭኮ መጠበቅ ወድዳ የ40 ቀን ጾም ለልጅ ከባድ መሆኑን ጻፈች። 5ኛው 40 ሳይሆን 43 ነው አለ። 40ው የነቢያት፣ 3ቱ የአብርሃም ሶርያዊ ነው። 6ኛው ደግሞ ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 በጣቱ ቆጥሮ 44 አገኘ፤ አንዱ ገሃድ ነው። በ2016 ገና በ29 ፋንታ ታኅሣሥ 28 ቀን የዋለው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች መሆኑን አስረዳ። ጥሩ ትምህርት ነው፤ ግን ከጥያቄዬ ራቁ።

7ኛዋ መለሰችን። ከሸዋ ሮቢት የምትጽፍ እናት ናት፤ አነጋገሯ እንደ አገሯ ፀሐይ ያቃጥላል። ጽሑፌን አንድ ባንድ ቆጥራዋለች። እናቴ አለች፣ ልጄ አለች፣ መምህሯ አለች፣ ቁም ሳጥኑ እንኳ አለ። ባለቤቴ የለችም። ዶሮ ወጡ ወጣ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ በራሱ እግር የወጣ ይመስል። ቀጥላ ሥራውን ዘረዘረች። ሽንኩርቱ ከዋዜማው ቀን ጀምሮ ይከተፋል። ዶሮው በሎሚና በጨው ውኃው እስኪጠራ ደጋግሞ ይታጠባል። 12 ብልት ሆኖ ይበለታል። ቁሌቱ ሲንተከተክ ማንም ሰው ትቶት አይሄድም፤ ካረረ በዓሉ አረረ። ይህን ሁሉ የሠራች ሴት በዚያ ማዕድ ላይ የት ነበረች ብላ ጠየቀችኝ።

ስልኬን አስቀምጬ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። ባለቤቴ ድስት እያጠበች ነበር። እጇን ያዝኩና አየሁት። የግራ አውራ ጣቷ በቢላ ተቆርጦ በጨርቅ ታስሯል። ጥፍሮቿ ሥር በርበሬው ገብቶ ቀይ መስመር ሠርቷል። አምስት ቀን አልፎታል፣ እኔ አላየሁትም። ማን እንዳመሰገናት ስጠይቃት ወዲያው መለሰችልኝ። እናቴ ወጡን ገና ስትቀምሰው እጅሽን ቁርጥማት አይንካው ብላ መርቃታለች። አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ሰምቼዋለሁ፤ ግን ምስጋና መሆኑን አላስተዋልኩም። 8ኛው መልስ የራሴ ነው፤ ይህንኑ ጻፍኩ። 7ኛዋን እህቴን እግዜር ይስጥልኝ አልኳት።

9ኛው ሰውዬ ግን በዚህ ተናደደ። ሴት ለገዛ ቤቷ ሠርታ ምስጋና የምትጠይቅበት ዘመን መጣ ወይ አለ። እኔንም ማድ ቤት መግባቴን በአደባባይ በመናገሬ ወቀሰኝ። 7ኛዋ በ10ኛ ተመለሰችና እሱን አልማረችውም፤ የጻፈችውን እዚህ አልደግመውም። ያለችው ግን እውነት ነበር። 11ኛው የአጣዬ ሰው በመሐል ገብቶ አበረደው። ባለቤቱ አራስ በነበረችበት ዓመት ዶሮ ወጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሠርቷል። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት እየከተፈ ዐይኑ ሲያለቅስ፣ ያለፉት ዓመታት በዓሎች ሁሉ በፊቱ መጡበት። ከዚያ ዓመት ወዲህ ሽንኩርቱ የእሱ ሥራ ነው። ባለቤቱም ሌላ ሰው እንዲከትፍላት አትፈቅድም፤ አከታተፉ ደቅቋል።

12ኛው ረጅም ነበር፤ ብዙ ሰውም ወደደው። የቅጥቅጥ አውቶቡስ ሾፌር ነው፣ በአዲስ አበባና በሸዋ ሮቢት መሐል የሚመላለስ። ለሾፌር ልጆች በዓል ማለት አባት የሌለበት ቀን ነው ብሎ ጀመረ። የገና ዋዜማ ማታ ጣርማበር ላይ ጉሙ ወርዶ መብራቱን ሁሉ ዋጠው። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ እስከ ሸዋ ሮቢት መንገዱ ወደ 2,000 ሜትር ግድም ቁልቁል ይወርዳል። ቆሞ ጠበቀ። ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ። ያኔ ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት ተነሥተው በእጃቸው ወንበሩን እየደገፉ ወደ ፊት መጡ። አጠገቡ ባለው ሞተር ላይ ተቀመጡና የልጆቹን ስም ጠየቁት። አራት ናቸው። አራቱንም አንድ በአንድ በየስማቸው መረቁለት። ስም ረስተው ሲያቋርጡ እንደገና ይጠይቁታል። ጉሙ እስኪሳሳ ድረስ ከአጠገቡ አልተነሡም። ሲወርዱ እግዜር ያግባህ ብለውት ወረዱ። ሌላውም ሰው እንደዚያው እያለ ወረደ። ቤቱ ሲደርስ ልጆቹ ተኝተዋል። ትልቁ ልጁ ግን ፈረሰኛውን ለአባቱ በሳህን ከድኖ፣ በላዩ ላይ ወረቀት አስቀምጦ ነበር። ወረቀቱ ላይ የአባቱ ስም ብቻ ነው ያለው። ሾፌሩ እንደሚለው አመሰግናለሁ ብሎ ከሚወርድለት ሰው ይልቅ በሰላም ግባ የሚለውን ይመርጣል። መንገዱን የሚያውቅ ሰው የሚለው ይህንኑ ነው።

13ኛውና 14ኛው ከሾፌሩ ተነሥተው ስለ ጣርማበር ዋሻ ተጨዋወቱ። ጣሊያን የሠራው ስለሆነ ብዙ ሰው ሙሶሎኒ ዋሻ ይለዋል። ከዚያ የደብረ ሲና ቆሎ ከሌላው ለምን እንደሚጣፍጥ ተከራከሩ። አልተስማሙም።

15ኛው ላይ ነገሩ ተለወጠ። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ወሬ ነውር ነው ብሎ ገባ። እዚሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ ስንት ሺህ ተፈናቃይ በመጠለያ ተቀምጦ፣ እኔ ስለ ግማሽ እንቁላልና ስለ እናቴ መኮሳተር እጽፋለሁ። ይህ ምስጋና አይደለም፣ ጉራ ነው። ዶሮ ያልቀመሰ ሕፃን ማንን ያመስግን? ቃሉ መራራ ነበር። 16ኛው ደግፎት የዶሮውን፣ የሽንኩርቱን፣ የዘይቱን ዋጋ መናር ጨመረበት። 17ኛዋ ሰው ልጁን ስለማሳደግ በጠየቀ ለምን ይሰደባል ብላ ተቆጣች። እኔ ዝም አልኩ። መልስ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። ሰውዬው ያለው ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ብዬ መጻፍ አልቻልኩም።

18ኛዋ ስትጽፍ ሌሊት 8 ሰዓት ነበር። እሷ ራሷ ተፈናቃይ ናት። ሦስት ልጆች ይዛ ወደዚህ ከተማ ከመጣች ዓመታት አልፈዋል። በመጀመሪያ 15ኛውን ተናገረችው። በእሷና በልጆቿ ስም ሌላ ሰው እንዳይመታበት ጠየቀችው። እሷም እናት ናት። ልጆቿም ያመሰግናሉ፣ ያኮርፋሉ፣ አያት ይናፍቃሉ።

ቀጥላ የራሷን ገና ነገረችን። ከመጠለያው ውጭ ካሉት ቤቶች አንዲት ሴት ብረት ድስት አዋሰቻት። ስሟን እንኳ አታውቃትም። በፌስታል የቋጠረችው በርበሬም ድስቱ ውስጥ ነበር። ያለውን ነገር ሠርታ ልጆቿን አበላች። ከዚያ ድስቱን አጥባ ለመመለስ ስትነሣ እጇ ተያዘ። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። በገዛ ቤቷ ሳለች ባዶ ሳህን መልሳ አታውቅም። ትልቁ ልጇ ሁኔታዋን አይቶ ኪሱን ገለበጠ። አንድ ጭብጥ የማይሞላ ቆሎ ነበረው። ድስቱ ውስጥ ጨመሩትና ከደኑት። ሴትየዋ ከፍታ ስታየው ምንም አላለችም። ቆሎውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በምትኩ እንጀራ ጨመረችላት። ይህች እናት እንዳለችው መቸገር ማለት ለእሷ መቀበሉ ብቻ አይደለም። የከበዳት በሚመለሰው ዕቃ ውስጥ የምታደርገው ማጣቷ ነው። የልጇ ቆሎ የዚያን ቀን ቀና አድርጓታል።

ከዚህ በኋላ ወደ ግማሽ ቀን ያህል ማንም አልጻፈም። 19ኛው ያው 15ኛው ነው። እሷን ይቅርታ ጠየቃት። እኔን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ድስቱን ያዋሰችውን ሴት ካገኘኋት ብዬ በልቤ ስፈልጋት ሰነበትኩ። ጎረቤቴ ልትሆን ትችላለች።

20ኛው ጡረታ የወጡ የመሐል ሜዳ መምህር ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩ። የከረረውን ክርክር ሁሉ አልፈው ወደ መጀመሪያው ጽሑፌ ተመለሱ፤ ሁለት ነገር ጠየቁኝ። አንደኛ፣ እናቴ ስንት ጊዜ አጎረሰቻት? አንድ ጊዜ መሆኑን እኔው ጽፌዋለሁ። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ሲባል ሰምቼ እንደሆነ ጠየቁ። እናትህ ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፣ ሁለተኛውን የያዘችው ነገሩ ስላልተፈታ ነው አሉ። ሁለተኛ፣ ከማዕዱ በፊት እጅ ያስታጠበው ማን ነው?

ይህን ሳነብ አፌ ተያዘ። እኛ ቤት ኮሪደሩ ላይ ላቫንዲኖ አለ። እያንዳንዱ ሰው ሄዶ እጁን ይታጠባል። እሳቸው እንዳብራሩት በአገራችን ልጅ ታላቁን የሚያመሰግነው በቃል ሳይሆን ማንቆርቆሪያ ይዞ ነው። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ዝቅ ብሎ፣ ውኃው እንዳይረጭ ቀስ አድርጎ ያፈሳል። ታላቁ ታጥቦ ሲጨርስ እደግ፣ ተመንደግ ይለዋል። ውለታው በሁለቱም በኩል ይሄዳል፤ ማን ለማን እንደዋለ አይለይም።

እኔ መንዝ ሳድግ ይህ የእኔ ሥራ ነበር። እናቴ ውኃውን በኩበት እሳት ለብ ታደርገዋለች። የእንግዳውን እጅ እያየሁ አፈሳለሁ። የገበሬ መዳፍ ላይ ውኃ ሲወርድ መጀመሪያ አቧራው ይታጠባል፣ ከዚያ ስንጥቆቹ ይታያሉ። ጨርሰው እደግ እስኪሉኝ እጠብቃለሁ። ሳይሉኝ ከቀሩ ቀኑን ሙሉ ይከፋኝ ነበር። ልጄ 8 ዓመት ሆኗት ይህን ቃል በማንቆርቆሪያ ላይ አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም። ለመስማት የምትቆምበት ቦታ አልሰጠኋትም።

21ኛዋ ወጣት እናት፣ ነርስ ናት፣ እዚህ ላይ ተቃወመች። ልጅን አሽከር ወደማድረግ እንዳንመለስ አስጠነቀቀች። በተለይ ማስታጠብ የሴት ልጅ ዕዳ ሆኖ ወንዱ ተቀምጦ የሚጠብቅ ከሆነ ይቅርብን አለች። 22ኛው መምህሩ ናቸው፤ ወዲያው ተስማሙ። በእሳቸው ቤት የሚያስታጥበው ማንቆርቆሪያውን መሸከም ከሚችሉት ልጆች ሁሉ ትንሹ ነው። ወንድ ሴት የለም። 23ኛው የገና ጨዋታ በየመንደሩ ለምን እንደቀረ ጠየቀና ዱላውን ከምን እንጨት ይቆርጡት እንደነበር ጻፈ። 24ኛው በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለውን ለ7ኛዋና ለ9ኛው አስታወሰላቸው። 9ኛው አልሳቀም።

25ኛዋ መምህርት ናት። የልጄ አስተማሪ አይደለችም፤ ግን እሷም ያንኑ የቤት ሥራ ትሰጣለች። ለምን እንደምትሰጥ ነገረችን። ልጆች ስም ሲጽፉ ከዚያ በፊት ያላዩትን ሰው ያያሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ የትምህርት ቤቱን ጥበቃ አንደኛ አድርጎ ጽፎ ነበር። እናቱ ከሥራ ዘግይታ ስትመጣ፣ የኅዳር ብርድ በረታ ሲል፣ ጥበቃው ጋቢያቸውን አልብሰውት በር ላይ አብረውት ይቀመጣሉ። እናትየዋ ይህን ያወቀችው ከወረቀቱ ነው። ስለዚህ ቃሉን ከልጆቹ አፍ አትንጠቁ ብላ ለመነችን። ማንቆርቆሪያውንም ስጧቸው፣ ቃሉንም ተዉላቸው። 26ኛዋ 1ኛዋ እናት ናቸው፤ ይህን ደገፉ።

27ኛው የእኔ ነው። ሁላችንም እናቴ ለምን እንደከፋት ስንገምት እሷን የጠየቀ እንደሌለ ቆይቶ ነው የገባኝ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቡና እያፈላች ጠየቅኋት። እንደዚህ ነገረችኝ፤ ሳላስውብ ጻፍኩት።

አንድ ጉዳይ ኖሯት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ነበር። ሦስተኛው ቀን ተራዋ ደርሶ ገና መናገር ስትጀምር በመስኮቱ በኩል ያለው ልጅ ወረቀቷን መለሰላት። እሺ እናመሰግናለን ብሏት መስኮቱን ዘጋ። ቃሉ ለእሷ ከዚያ ቀን ወዲህ በቃሽ፣ ሂጂ ማለት ነው። ይኸው እኛ ጋ ሦስት ሳምንት ተቀምጣለች። ሰው ቤት መክረም ያሳቅቃል፤ የልጅም ቤት ቢሆን። ልጅቷ ጉርሻውን ውጣ ያንን ቃል ስትል በቃሽ ያለቻት መሰላት።

ደነገጥኩ። 2ኛው ልጅ ስለ ሱቁ የጻፈው ለካ ሩቅ አልነበረም። እሱ በሱቅ መሰለው፣ እናቴን ያገኛት በመስኮት ነው። ልጄ ወረቀት ላይ አንደኛ አድርጋ እንደጻፈቻት ነገርኳት። ፊደል አትቆጥርም። ወረቀቱን አምጣው አለችኝ። ስሟ የቱ ጋ እንደሆነ በጣቴ አሳየኋት። ጣቷን እዚያው ላይ አድርጋ ቆየች።

28ኛው የመስኮቱን ነገር እኔም አይቻለሁ፣ እናቶቻችንን እንዲህ ነው የምንሸኛቸው ብሎ አዘነ። 29ኛው የምንጃር ሰው ነው፤ ሁላችንንም ለጥምቀት ወደ ኢራንቡቲ ጋበዘ፣ 44 ታቦታት ወደሚያድሩበት። 30ኛዋ 18ኛዋ እናት ናት። እናቴን ሰላም በልልኝ ብላ ብቻ ጻፈች። አልኩላት። እናቴም ማንነቷን ስትሰማ አንድ ቋጠሮ በሶ ለይታ አስቀመጠች። እንዴት እንደማደርስላት እየተጻጻፍን ነው።

31ኛውን የጻፍኩት ጥር 12 ነው፤ ትናንት የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ። ታቦቱን ሸኝተን ከባሕረ ጥምቀት ስንመለስ ሁላችንም በርዶናል። ባለቤቴ ሽንኩርቱን ዋዜማውን እኔ ስለከተፍኩት ቀደም ብላ ጨርሳለች። ውፍረቱ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ግን ቁሌቱ ወጣ። ማንቆርቆሪያ ከጎረቤት ተዋስኩ። ትንሹ ልጄ ሳፋውን በሁለት እጁ ያዘ፣ ሆዱ ላይ ደግፎ። ልጄ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ውኃው ለብ ብሏል። በመጀመሪያው አፈሳስ ግማሹ የእናቴ ጉልበት ላይ ፈሰሰ። እናቴ የልጅቷን እጅ ይዛ ማንቆርቆሪያውን ዘንበል አደረገችላት። እንዲህ፣ ቀስ እያለች አሳየቻት። ሁለተኛው በደንብ ወረደ።

ታጥባ ስትጨርስ እደጊ፣ ተመንደጊ አለቻት። ለትንሹም ደገመችለት። እሱ ሳፋውን መሬት አላስቀምጥም ብሎ ሌላ የሚታጠብ ሰው ፈለገ። እናቱን አስታጠቡ፤ እኔንም አስታጠቡኝ።

ማዕድ ላይ ልጄ ቀድማ ጠቀለለች። እንቁላሉ አልተከፈለም፣ እንጀራው ትልቅ ነው፣ ወጡ በጣቶቿ መሐል ይወርዳል። ተነሥታ አያቷን አጎረሰቻት። ከዚያ አያቷ ገና እያላመጠች ሳለ ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረች።